ጋሼ ጆሮ ጓሮውን ጡብ ሲያነጥፍ

ባሌ ሰው አያምንም። ይህን የምለው ላማው አይደለም፤ ራሱም ቢጠየቅ ደረቱን ነፍቶ የሚናገረው ነገር ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል፣ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ እንኳ። ዳቦ ቤት ሄዶ ዳቦውን በጣቱ ሳይመታ አይገዛም። ብርጭቆ ሲገዛ በጥፍሩ ጫፍ ነካ ያደርግና ወደ ጆሮው ያስጠጋዋል። ሐብሐብ ሊገዛ ሲሄድማ አብሬው አልሄድም፤ ነጋዴውን የሚያሳየውን መከራ ቆሜ የማይበት ፊት የለኝም።

ከሥራው ያመጣው አመል ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ጡብ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከእቶን የወጣ ጡብ ሲመረምር ነው። ለምርመራው መሣሪያ የሚባል የለውም። ሁለት ጡብ ያነሳል፣ አንዱን ባንዱ ይመታል፣ ይሰማል። በደንብ የበሰለ ጡብ እንደ ደወል ይጮሃል፤ ጥሬው ግን «ድፍ» ብሎ ይቀራል። የጮኸው ወደ መኪና፣ ድፍ ያለው ወደ ጉድጓድ ይሄዳል። በዚህ ሥራ ተሳስቶ አያውቅም ይባል ነበር። ፋብሪካው ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ አለቃውም ዘበኛውም «ጋሼ ጆሮ» ነው የሚሉት። እሁድ እሁድ ቤት የሚያሠሩ ሰዎች ጡብ በፌስታል ቋጥረው ደጃችን ይቆማሉ። እሱም ሻዩን አቋርጦ ይነሳና ያንኳኳላቸዋል። «ግዛ» ካለ ይገዛሉ፣ «ተው» ካለ ይተዋሉ። የተከራከረው ሰው አላየሁም። እኔም ብሆን ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ስኖር፣ ጡብ እንዴት እንደሚጮህ ልብ ብዬ ሰምቼ አላውቅም። እሱ እያለ እኔ ምን ልስማ ብዬ።

ልጃችንን ላግባ ብሎ የመጣውንም ልጅ ሊያንኳኳው ምንም አልቀረው። ልጁ በተፈጥሮው ለስላሳ ነው፤ ሲናገር አንገቱን ሰበር፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከሄደ በኋላ ባሌ «እንዲህ የሚያወራ ሰው አልወድም፤ የሚደብቀው ነገር አለ» አለኝ። ልጄ ግን ወዳው ነበርና ወይ ፍንክች አለች። ተጋቡ።

ባሌ ጡረታ ሲወጣ ከፋብሪካው ይዞት የመጣው አንድ ጡብ ብቻ ነው። በዘመኑ ከሰማቸው ሁሉ እንደሱ የጮኸ የለም ይላል። እንዳይቀየርበት ብሎ ጠርዙ ላይ በምስማር ሁለት መስመር ጭሮበታል። ጡብ ማን ሊቀይርብህ ነው ብለው አይሰማኝም። የሳሎኑን በር ነፋስ እንዳይዘጋው የምናስደግፈው በዚያ ጡብ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ያንኳኳላቸዋል።

ቤት መዋል አልሆነለትም። ከክፍል ክፍል እየዞረ የኔን ድስት እየከፈተ ሲያይ ሰነበተና አንድ ቀን ዓይኑ ጓሮው ላይ አረፈ። ጓሮአችን ዝናብ ሲዘንብ ማጥ ነው፣ ሲደርቅ አቧራ ነው። «ጡብ አነጥፍበትና ወንበር አውጥተን እንቀመጥበታለን» አለኝ። ደስ አለኝ። የሰውን ሁሉ ጡብ ሲያንኳኳ ኖሮ የራሳችን ደጅ ጭቃ መሆኑ ስንት ዘመን ሲያናድደኝ ኖሯል።

አማቻችን በዚያው ሰሞን ከከተማ ወጣ ብሎ ትንሽ የጡብ እቶን ከፍቶ ነበር። እሱና ልጄ ያላቸውን ሁሉ ያፈሰሱበት ነው። የባሌን ሐሳብ ሲሰማ ለጓሮው የሚበቃ ጡብ በመኪና ጭኖ መጣ፤ ዋጋም አልጠየቀ። የነገሩ ሁሉ መነሻ ይሄ ነው።

ጡቡ እየተራገፈ ሳለ ባሌ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «በነጻ?»

«ለአማቱ ነው እኮ» አልኩት።

«እሱን ነው የምልሽ።»

እኔም ብሆን ንጹሕ አልነበርኩም። ልጁ ጥግ ይዞ ከሹፌሩ ጋር በለሆሳስ ሲያወራ ሳየው፣ ምን ይሆን ብዬ አንገቴን አስግጌአለሁ። የያዝኩት ነገር የለም። ግን ከተጠራጣሪ ጋር አንድ አልጋ ላይ የኖረ ሰው እንዲህ ሆኖ ነው የሚቀረው።

አጥር የሚለየን አንድ ግንበኛ ጎረቤት አለን። ደግ ሰው ነው፣ አፉ ግን አያርፍም። «ጋሼ፣ ባግዝዎትስ?» ብሎ ነበር በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ። ባሌ በጄ አላለም። «እሱ ከገባ አሸዋዬ ይጎድላል» አለኝ ወደ ቤት ገብቶ። ብቻውን ሣሩን ገፈፈ፣ አፈሩን በዶማ ቆፈረ፣ ጠጠር ደልድሎ ጠቀጠቀ፣ ላዩን አሸዋ አለበሰ። ሲባጎ ወጥሮ፣ በውሃ ልክ እየለካ፣ ዝናቡ ወደ ቦዩ እንዲወርድ መሬቱን ከቤቱ ወዲያ ዘንበል አደረገው። እውነቴን ነው፣ ደጅ ቆሜ ሳየው እንደገና ወደድኩት።

ጡቡን የሚደረድርበት ቀን ወጥ ቤት ሆኜ ዕቃ ሳጥብ በመስኮት አየዋለሁ። ሁለት አነሳ፣ አንኳኳ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ ወደ ጎን አኖራቸው። ሌላ ሁለት አነሳ፤ እንደዚያው። ከሰዓት ላይ አሸዋው ላይ አንድም ጡብ አልተቀመጠም፤ አጥሩ ሥር ግን የተጣለው ጡብ ክምር ሆኗል። እጄን አደራርቄ ወጣሁ።

«ምነው አባቷ?» አልኩት። የምንጠራራው በልጃችን ነው፤ እሱ እናቷ ይለኛል፣ እኔ አባቷ።

ቀና አላለም። ቀርቤ ትከሻውን ስነካው ደንግጦ ብድግ አለ። «ምን ትሹለከለኪያለሽ?»

«ኧረ ጠርቼሃለሁ።»

«ጥሬ ነው» አለ። «አንድ እንኳ የበሰለ የለበትም። ለሰው የማይሸጠውን አምጥቶ እኔ ጓሮ ገለበጠው። አላልኩሽም?»

የግንበኛው ራስ አጥሩ ላይ ብቅ አለ። «ለኔማ ደህና የጮኸ መስሎኝ ነበር» አለ። ባሌ ሲያፈጥበት ግን ወዲያው ተመለሰ። «እንግዲህ ጋሼ ጆሮ ጥሬ ነው ካሉ ጥሬ ነው።»

ወሬው በነጋታው ከጓሮአችን ወጥቶ ሄደ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አማቻችን የራሱን ጉድ የሰማው ሰፈር ሁሉ ካወቀው በኋላ፣ አንድ ደንበኛ ያዘዘውን ጡብ አልፈልግም ሲለው ነው። «የገዛ አማትህ፣ ጋሼ ጆሮ፣ ጥሬ ነው ብለው ጥለውት የለ እንዴ?» አለው ሰውየው። ከዚያ ሌላው ቀረ፣ ከዚያ ሌላው።

ልጁ በዚያው ሰሞን መጣ። ልጄም አብራው ነበረች። ባሌ ክምሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቃቸው።

«አባባ፣ ጡቡ ምን ሆነብዎት?» አለ ልጁ፣ እንደ ልማዱ ዝቅ ብሎ።

«ምን?»

«ጡቡን ነው የምልዎት…»

«ለምን ታጉረመርማለህ? ፊት ለፊት የማትናገረው ነገር ካለህ ሂድና ከሹፌርህ ጋር ተንሾካሾክ።»

ልጁ ፊቱ ቀላ። ከክምሩ ሁለት አነሳና መታቸው። «ይኸው። ይሰሙታል አይደል?»

«ምኑን ነው የምሰማው? ጭቃ።»

ልጁ ደግሞ መታ። እኔ እዚያው ቆሜአለሁ። ድምፅ ሰምቻለሁ፣ ጥሩ ድምፅም መስሎኛል፤ ግን ባሌ ጭቃ ነው ሲል የገዛ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ግንበኛውም እንደኔው ነበር ያደረገው። ሁላችንም በየራሳችን ጆሮ ሰምተን የሱን ጆሮ አመንን። አማቻችን ብቻ የሰማውን አመነ፤ እሱ ደግሞ ነገሩን በሌላ ተረጎመው።

«መጀመሪያም ልጅዎን ሊሰጡኝ አልፈለጉም ነበር» አለ። «አሁን ጉሮሮዬን ሊዘጉት ነው።»

ልጁ ምን እንዳለ ለባሌ የገባው አልመሰለኝም፤ ፊቱን ብቻ አኮሳተረ። ልጄ አባቷን ቀጥ ብላ አየችው። «አባዬ፣ እቶኑ ከተዘጋ እኛም አለቀልን» አለችው ጮክ ብላ። «ጡቡ ደህና ነው ብለህ በአፍህ እስክትናገር ድረስ ይህን ቤት አልረግጥም።»

«ውሸት አልናገርም» አላት።

ወጡ። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ብታላጋው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሰላም የሚባል ጠፋ። ከልጄ ጋር በስልክ ሳወራ መጥቶ በር ላይ ይገተራል። «ምን ትንሾካሾካላችሁ?» ይለኛል። እኔ እንኳን ልንሾካሾክ፣ እያለቀስኩ ስለማወራ ድምፄ መንገድ ላይ ይሰማል። ቴሌቪዥኑን ጣራው እስኪነቀል ይከፍተዋል፤ ዝቅ ሳደርገው «ዜና እንዳልሰማ ነው?» ይለኛል። ሰው በር ሲያንኳኳ ቤት እያለ አይከፍትም። ጎረቤት መጥቶ ሄደ ስለው ደግሞ «እኔ ሳላየው የሚመጣ ጎረቤት ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ ይመረምረኛል። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ እንኳ «ማንን አገኘሽ?» ነው የመጀመሪያው ቃሉ።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ጠረጠርኩት። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሹፌሩን ነበር፣ መንገድ ላይ ጥሩውን ሸጦ ጥሬውን ጭኖ ይሆናል ብዬ። ቀጥሎ አማቻችንን ጠረጠርኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያን የመሰለ ልጅ። መጨረሻ ላይ ግን ዞሬ ዞሬ ባሌ ላይ መጣሁ። ልጁን ከመጀመሪያው አልወደደውም። ቃሉ በጡብ ሠሪ ሁሉ ዘንድ እንደሚሰማ ያውቃል። አንድ ጊዜ ጥሬ ነው ቢል ያ እቶን እንደማይነሳ ያውቃል። ሆን ብሎ ቢሆንስ? ስንት ዘመን አብሬው ስለኖርኩት ሰው እንዲህ ማሰብ ያማል፤ ግን አሰብኩት። ልጄ ስልክ ማንሳት እየቀነሰች ነበር። አንድ ቀን አንስታ «እማዬ፣ እቶኑን ካላቀጣጠልን ሰንብተናል። እሳት ለምን እናነዳለን፣ የሚገዛ የለ» አለችኝ። 

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ብዬ ተነሳሁ። የጡብ መርማሪ ሚስት ሆኖ አንድ ነገር ሳይማሩ መቅረት የለም። ጥሬ ጡብ ውሃ ውስጥ ካደረ ጠርዙ ይላላል፣ በጥፍር ይፋቃል፣ ውሃውም ይደፈርሳል፤ ይህን የነገረኝ ራሱ ባሌ ነው፣ ድሮ፣ ሊያገባኝ ሲመላለስ። ሌላው ወንድ ስለ ዓይኔ ሲያወራ እሱ ስለ ጡብ ነበር የሚያወራኝ። ባሌ ሲተኛ ጠብቄ ከክምሩ አንዱን አነሳሁና ባልዲ ውስጥ ነክሬ ልብስ ማጠቢያው ሥር ሸሸግኩት። በገዛ ቤቴ ሌባ ሆንኩ።

ጠዋት አወጣሁት። ውሃው ጥርት ብሏል፤ ትንሽ አቧራ ብቻ ሥሩ ዘቅጧል። ጠርዙን ስፍቀው ጥፍሬ ተሰበረ እንጂ ጡቡ ንቅንቅ አላለም።

ደሜ ፈላ። ጡቡ ደህና ከሆነ፣ ጋሼ ጆሮም ተሳስቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ባሌ ዋሽቷል። ሌላ መልስ አልመጣልኝም። እርጥቡን ጡብ እንደያዝኩ ጓሮ ወጣሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ አሸዋው አጠገብ ተንበርክኮ የላላውን ሲባጎ ይወጥራል። ጡብ የለው፣ ሥራ የለው፣ ሲባጎ ይወጥራል።

«አንተ ውሸታም» አልኩት።

ሲባጎውን ሳብ አደረገው።

«የልጅህን ትዳር በጡብ ታፈርሳለህ? በዚህ ዕድሜህ አታፍርም?»

ሲባጎውን ችንካሩ ላይ ይጠመጥማል። ከተጋባን ጀምሮ በሆዴ ያኖርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ እናቱንም ሳልጨምር አልቀረሁም። ዘወር አላለም። ንቀት መሰለኝ። እርጥቡን ጡብ ወርውሬ፣ ከክምሩ ሁለት ደረቅ አነሳሁና በንዴት፣ ባለ በሌለ ኃይሌ፣ አንዱን ባንዱ መታሁት።

ጮኸ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጡብ ሲጮህ በራሴ ጆሮ ሰማሁ። አጥሩ ላይ የነበሩት ወፎች ብር ብለው ተነሱ። የግንበኛውም ራስ ብቅ አለ፤ «እትዬ፣ ምን ወደቀ?» አለኝ።

ባሌ ሲባጎውን ይጠመጥማል።

እንደገና መታሁ። ወደ ጀርባው ተጠግቼ፣ ከአንገቱ በላይ ይዤ፣ ደግሜ መታሁ። እጁ እንኳ አላመነታም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቴሌቪዥኑ፣ ያልተከፈተው በር፣ ትከሻውን ስነካው የደነገጠው፣ «ምን ትንሾካሾካላችሁ» የሚለው፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጣብኝ። ማንም አልተንሾካሾከበትም። እሱ ነው የማይሰማው። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ አንጀቴን በላው።

ደንቁረሃል ብዬ ብነግረው አያምነኝም። ማንን አምኖ ያውቃልና። ቤት ገባሁና የሳሎኑን በር የያዘውን ጡብ አመጣሁ። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሰጠሁት።

«ይሄን ምታው» አልኩት፣ አፌን ሰፋ አድርጌ።

ሳቀብኝ። «ይሄንማ…» አለና ችንካሩን በሚመታበት መዶሻ ጫፍ ነካ አደረገው። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቆመ። ጠንከር አድርጎ ደገመው።

«ማነው የቀየረው?»

«ማንም አልቀየረው።»

«ይሄ የኔ አይደለም። ማን ገባ ቤት? እሱ ገብቷል?» ጡቡን ገለበጠው። በምስማር የጫራቸው ሁለት መስመሮች እዚያው ናቸው። በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው። ወደ አንዱ ጆሮው አስጠግቶ መታው፣ ከዚያ ወደ ሌላው አዙሮ መታው። የጡቡ ጩኸት ጓሮውን ሞልቶታል። እሱ ግን የኔን ፊት ነው የሚያየው።

«ይጮሃል?» አለኝ።

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

መዶሻውን አሸዋው ላይ አኖረው። አላለቀሰም። ፊቱ ግን ባንድ ጊዜ አረጀብኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

«እኔ ምን አውቄ።»

«ፋብሪካ እያለሁም ከነበረስ? እሁድ እሁድ ሲመጡ የነበሩት ሰዎች… ተው ያልኳቸው…» አልጨረሰውም። ሰውን ሁሉ ሲጠረጥር ኖሮ ራሱን የጠረጠረው የዚያን ቀን ነው። እጁን ያዝኩት፤ ጡብ እንደያዘ ነበር፣ አለቀቀውም።

ከዚያ ተነስቶ ወደ አጥሩ ሄደ። ግንበኛው ገና አልወረደም ነበር።

«ስማኝ» አለው ባሌ፣ ድምፁ መንገድ ድረስ እየተሰማ። «ጡቡ ደህና ነው። የደነቆርኩት እኔ ነኝ። ያኛውን ወሬ ያደረስክበት ቤት ሁሉ ሂድና ይሄንንም ተናገር።»

«ጋሼ፣ ኧረ እንዲህ አይበሉ» አለ ግንበኛው ደንግጦ።

«ምን?» አለ ባሌ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እናቷ፣ ለልጅቷ ደውይላት። እኔ ብደውል አልሰማትም።»

ደወልኩላት። አባቷ ያለውን ስነግራት «እየመጣን ነው» ብቻ አለችኝ።

ሲመጡ ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ያንኑ ቃል ለልጁ ደገመለት፣ ሳያሳጥር። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሲል ባሌ ከለከለው። ልጄ አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እሱም ምን እያለች እንደሆነ ስላልሰማ ዝም ብሎ ጀርባዋን መታ መታ ያደርጋል። ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን ተባብለናል። ማዳመጫ ይደረግልሃል ስንለው «ማሽኑ የራሱን ወሬ ቢያወራልኝስ በምን አውቃለሁ?» ይላል። አመሉ አብሮት ጡረታ አልወጣም።

ጡቡን የዚያኑ ዕለት ጀመሩት። አማቻችን ከክምሩ ሁለት ያነሳል፣ ያንኳኳል። ባሌ አሸዋው ላይ ተንበርክኮ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ የልጁን ፊት ያያል። ዓይኑን፣ አፉን፣ ቅንድቡን፣ አንዲት ነገር እንዳታመልጠው አጥብቆ ነው የሚያየው። ልጁ ራሱን ሲነቀንቅ ጡቡን ይቀበለውና ከሲባጎው ጋር ያስተካክለዋል፣ በጎማ መዶሻ ቸብ ቸብ ያደርገዋል፣ ከዚያ እንደገና ቀና ይላል። እኔና ልጄ ደረጃው ላይ ተቀምጠን እናያለን። ንጣፉ ከቤቱ ግድግዳ ተነስቶ ወደ ጓሮው መሐል እየሄደ ነው።

መሐል ላይ ሲደርሱ ልጁ አንዱን አንኳኳና ቆመ። ደግሞ አንኳኳ። እኔም ሰማሁት፤ ድፍ አለ። ባሌ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ቢሰጠው ዝም ብሎ ያነጥፈዋል። ማንም አያውቅበትም፣ በተለይ ጋሼ ጆሮ አያውቅበትም። ያን ሁሉ ጣጣ ካሳለፈ በኋላ ከሱ እቶን ጥሬ ጡብ ወጣ ማለት ቀላል አይደለም። ልጄ ክንዴን ጨበጠችኝ።

ልጁ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ ባሌ ፊት አቀረበ። «ይሄኛው ጥሬ ነው፣ አባባ» አለ፣ ከለመደው ድምፅ ከፍ አድርጎ። «ከኔ እቶን ነው የወጣው።» ወደ አጥሩ ሥር ወረወረው።

ባሌ የተጣለውን ጡብ አየ። ልጁን አየ። ከዚያ እጁን እንደገና ዘረጋ።

«አምጣ ሌላውን፣ ልጄ» አለ።

ልጁ አንኳኩቶ ሰጠው፣ እሱም ተቀብሎ አስቀመጠ። ሌላ ሰጠው፣ አስቀመጠ። እስኪመሽ ድረስ ሠሩ፤ ባሌ ግን ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ የልጁን ፊት ቀና ብሎ አላየም።